የቁጣ ነጥብ

ሰመድ እንጀራውን የሚበላው የሰው ወረፋ ጠብቆ ነው። ትዕግስቱ ከሃያ አስራ ሰባት ነው። ትዕግስቱ አስራ ሰባት የሆነ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ሌላ ሥራ አይሰጠውም፤ ትዕግስቱ ሦስትና አራት የሆነ ሰው ደግሞ ወረፋ ላይ ቁም አይባልም። ስለዚህ ሰመድ ጠዋት ጠዋት ዣንጥላውን ይዞ ከሰፈሩ ከገንደቆሬ ይወጣና፣ አንድ ቀን ክሊኒክ፣ አንድ ቀን ውሃ ክፍል፣ አንድ ቀን መታወቂያ ቢሮ፣ የማያውቀውን ሰው ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ ይቆማል። ተራው ሲደርስ የስሙ ባለቤት በመኪና ይመጣል። አንዳንዱ ያመሰግነዋል። አንዳንዱ ስሙን ከደረቱ ላይ ገንጥሎ ዝም ብሎ ይገባል።

የተጫዋቾች ነጥብ የወጣ ዕለት ሰመድ የአንድ ነጋዴ ስም ለጥፎ ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከፊቱ የቆመው የሥራ ጓደኛው ጃፋር ስልኩን ሲያይ ቆይቶ ድንገት ዞረ።

“ሰሜ፣ ይቺ ነዋል ሰመድ የምትባለው ያንተዋ አይደለችም እንዴ?”

“ናት። ምን ሆነች?”

“አቦ ምን ትሆናለች! ማቀበል አስራ ስምንት። እይታ አስራ ሰባት። ጽናት አስራ ስድስት። ወላሂ ይቺ ልጅ...” ጃፋር በአውራ ጣቱ ወደ ታች ሲወርድ ድምፁም አብሮ ወረደ። “ድፍረት አራት። መሪነት ሦስት። ቁጡነት...”

“ስንት?”

“አንድ።”

“አንድ ማለት?”

“አንድ ማለት እኔ እስከማውቀው ለሬሳ የሚሰጥ ነው።”

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ሰመድ አልሳቀም። ወረፋውን ጥሎ ወደ ቤቱ ቢሮጥ ደስ ባለው፤ ግን ደረቱ ላይ ያለው ስም የሰው ነው። ነጋዴው እስኪመጣ ድረስ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ወጥታ፣ ልቡ ቤቱ ደርሶ እየተመለሰ፣ እዚያው ቆመ።

ኳስ ሜዳ ላይ መጫወት ከቀረ ቆይቷል። የሜዳ ግጥሚያ ስህተት ይበዛዋል፤ ዳኛ ይሳሳታል፣ ዝናብ ይጥላል፣ ደጋፊ ይፈነካከታል። አሁን ተጫዋቹ ይመዘናል፣ ነጥቡ ይገባል፣ ቅዳሜ ሲደርስ ማሽኑ ነጥብን ከነጥብ ያጋጥማል፤ ሰው ሻይ ቤት ተቀምጦ በስክሪን ያያል። ነዋል በስክሪኑ ላይ ሦስት ሰው አልፋ ኳስ ስታቀብል የገንደቆሬ ሰው ጠረጴዛ ይደበድባል። በዚያው ሰዓት ነዋል ራሷ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ከተማው ሁሉ የሚያውቃት ኳስ ተጫዋች ናት፤ ግጥሚያ ግን ተጫውታ አታውቅም።

እግርን፣ ሳንባን፣ ዓይንን ማሽን ይመዝነዋል። ልብ የሚመዘነው ግን በምስክር ነው። ከአዲስ አበባ መዛኝ ይመጣል፣ አባትንና ጎረቤትን ይጠይቃል፣ መሣሪያው ይሰማል፣ ነጥቡ ይወጣል።

ሰመድ ቤቱ ሲደርስ ነዋል ኳሷን ከግድግዳ ጋር ስታላጋ አገኛት። ግድግዳው እንደ ከበሮ ይጮሃል። አባቷን ስታይ ኳሷን በእግሯ ረግጣ አቆመች።

“አባ፣ መዛኙ የመጣ ጊዜ ምን ብለህ ነው የመሰከርከው?”

“ምን እላለሁ? ደግ ደጉን ነዋ።”

“ደግ ደጉ ምንድን ነው?”

ሰመድ አሰበ። መዛኙ ሲመጣ ምንጣፍ አንጥፎለታል፣ ሻይ አፍልቶለታል፣ ከመጋላ ገበያ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ አስመጥቶ አቅርቦለታል። ከዚያ አንድ አባት ስለ ሴት ልጁ ለእንግዳ የሚለውን ሁሉ ብሏል። “ልጄ ስለሆነች አይደለም፤ አንገቷን የደፋች ናት። ቀና ብላ ሰው አታይም። ድምጿ ከዚህ አጥር አልፎ አያውቅም።” ጎረቤቶቹም አላሳፈሩትም። ነዋልን እናቷ ከሞተች ጀምሮ በእጇ ያሳደገቻት እትዬ ሄርሜላ፣ “ቁጣ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም” አለች። ከወዲያ ማዶ ያለው ሀጂ ቶፊቅ ደግሞ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ “በግ ናት፣ በግ!” አለ። ያን ቀን ሰመድ በኩራት ደረቱ ተነፍቶ ነበር።

“ውሸታሞች!” አለች ነዋል ሁሉንም ሲነግራት። “እኔ ነኝ በግ? የውሃ ቦቴውን ሹፌር ከነመኪናው ወደ ኋላ የመለስኩት ማነው?”

“እሱማ አንቺ ነሽ።”

“ሰፈሩን ሁሉ ይዤ ቀበሌ በር ላይ የተኛሁትስ?”

“እሱም አንቺ ነሽ።”

“ታዲያ እሱን ለምን አልተናገርክም?”

“እንዴት አድርጌ ነዋል? ሰው ልጁን አሳድጎ፣ ‘ከቦቴ ሹፌር ጋር ትሰዳደባለች፣ መንገድ ላይ ትተኛለች’ ብሎ ለእንግዳ ያወራል?”

ነዋል አባቷን አየችው። ልትስቅ ከጅሏት ነበር፤ ግን አልሳቀችም። ኳሷን አንስታ ገባች።

ነጥብ ለኳስ ብቻ የሚያገለግልበት ዘመንም አልፏል። የዝውውር መስኮት እስኪዘጋ ክለብ ያላገኘ ተጫዋች ነጥቡ በቀጥታ ወደ ሥራ ድልደላ ይሄዳል። ድፍረቱ አራት፣ ቁጡነቱ አንድ የሆነ ሰው የት እንደሚደለደል ሰመድ ከማንም በላይ ያውቃል። ባለፈው በጋ አንዲት የመረብ ኳስ ተጫዋች የነበረች ልጅ ወረፋ ላይ ከጎኑ መቆም ጀምራለች። መጀመሪያ ታወራ ነበር። አሁን ዓይኗን ከፊቷ ካለው ሰው ጀርባ ላይ አታነሳም። የድሬ ክለብ ነዋልን አሰናብቷታል። መስኮቱ ሳይዘጋ ነጥቧ ከፍ ካላለ፣ ሰመድ የገዛ ልጁን ከጎኑ አቁሞ ወረፋ ሊያስለምዳት ነው።

በማግስቱ መዛኙ ወዳረፈበት ሚዛን ቤት ሄደ። ለራሱ ወረፋ ሲቆም የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ከሱ በኋላ የመጡት ሁሉ እየቀደሙት ገቡ። ለምን ብሎ ሲጠይቅ በሩ ላይ ያለችው ልጅ በትህትና፣ “ትዕግስትዎ አስራ ሰባት ስለሆነ ነው” አለችው።

መዛኙ ፍጹም ይባላል። ፊቱ የተላጨ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ልስልስ ያለ ወጣት ነው። ሰመድን ቆሞ ተቀበለው።

“ጋሽ ሰመድ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ።”

የድሬ ሰው አንቱ ሲባል ይጠረጥራል። ሰመድ አልተቀመጠም።

“ስማ፣ የልጄ ነጥብ ተሳስቷል።”

“ነጥብ አይሳሳትም፤ እርስዎ ያሉት ነው የተመዘነው።”

“እኔ ያልኩት ክብር ነው! ሰው ልጁን አንገቷን የደፋች ናት ሲል ፈሪ ናት ማለቱ ነው እንዴ? አንተ አገር የለህም? እናት የለህም?”

“አለችኝ። እኔም አውቀዋለሁ፤ መሣሪያው ግን አያውቀውም።” ፍጹም ፈገግ አለ። “ምስክርነት የሚሻረው በምስክርነት ነው። ሁለቱ ጎረቤቶች ደግመው ይመስክሩ። እርስዎ አይቆጠሩም፤ አባት ነዎት።”

“ቢዋሹስ?”

“ውሸት እኛ ጋ አይመዘንም ጋሽ ሰመድ። የሚመዘነው የተባለው ነው።”

ሰመድ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ውጭ ቢተወው የዚያን ለስላሳ ፊት በጥፊ እንደሚለው ተሰምቶት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ በኒም ዛፏ ጥላ ሥር ሄርሜላንና ሀጂን ሰበሰባቸው። ሄርሜላ ለማታ የምትጠብሰውን ሳምቡሳ ትጠቀልል ነበር።

“ነገ መዛኙ ሲመጣ ስለ ነዋል ክፉ ክፉውን እንድትናገሩ እፈልጋለሁ።”

“ምን?” አለች ሄርሜላ።

“ባለጌ ናት በሉ። አፏ አያርፍም በሉ። ሰው ትደፍራለች በሉ።”

“በስመ አብ! ሰሜ ሙቀቱ ነው?”

“ሙቀቱ አይደለም። እንለማመድ። ሀጂ፣ ካንተ እንጀምር። ነዋል ምን ዓይነት ልጅ ናት?”

ሀጂ ቶፊቅ ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበ። “አንድ ቀን ሰላም ሳትለኝ አልፋለች።”

“ይኼው! ጥሩ ነው። ቀጥል።”

“ግን ያን ቀን አሟት ነበር።”

“ሀጂ! ሕመሟን ተወው!”

“አላህ ይይልህ ሰመድ። ይቺን ልጅ ባማ ምላሴ አይደርቅም?”

“ሄርሚ፣ አንቺስ?”

ሄርሜላ ሊጥ የነካ እጇን አየች። “በር ስትዘጋ ታጮኸዋለች” አለች በሹክሹክታ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ከደነች። አፍንጫዋ ላይ ሊጥ ቀረ።

ሰመድ በንዴት ተነሳ። “ልጅቱን እየገደላችኋት ነው! ይገባችኋል? በደግነታችሁ እየቀበራችኋት ነው። እኔ ቀብሬያታለሁ፤ እናንተ ደግሞ አፈር እየመለሳችሁ ነው። ነገ ይቺ ልጅ ክሊኒክ በር ላይ የሰው ስም ለጥፋ ስትቆም፣ ያኔ በግ ናት ብላችሁ አመስግኗት!”

ሄርሜላ ሳምቡሳዋን ትታ አለቀሰች። ሀጂ መቁጠሪያውን አወጣ። እስኪመሽ ድረስ ሦስቱም የስድብ ዓይነት ሲያስታውሱ ዋሉ፤ ብዙዎቹ የጥንት ናቸው፤ ለነዋል የሚሆን ግን አልተገኘም።

ፍጹም በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። መሣሪያውን፣ ሰዎች ጆሮ የሚሉትን፣ ነጭና ክብ ነገር፣ ግቢው መሐል ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ነዋል በር ላይ ቆማለች። ሰመድ ከአፉ ቃል እንዳይወጣ ከንፈሩን ነክሶ ተቀምጧል።

“እትዬ ሄርሜላ፣ ይጀምሩ።”

ሄርሜላ ዓይኗን ጨፈነች፤ አማተበች። “ነዋል ባለጌ ናት።”

“ያስረዱ።”

“ትሳደባለች።”

“ማንን?”

ሄርሜላ አንድ ዓይኗን ገለጠች። “ኳሱን።”

ሀጂ አንገቱን ነቀነቀ። “እውነት ነው። ኳሱን በጣም ነው የምትሰድበው።”

“ሰውስ?”

“ሰው...” ሄርሜላ ወደ ነዋል ዞረች። “ሰው እንኳ... አይ! አልችልም። ይቺን ልጅ ጡት ባላጠባትም በእጄ ነው ያደገችው። እንዴት ብዬ ነው? ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የኔ አንገቷን የደፋች...” ምን እንዳለች ሲገባት ደንግጣ ሰመድን አየችው። “የኔ ጨዋ!” ብላ ደገመች፤ ባሰው።

ፍጹም በዝግታ ራሱን ነቀነቀ፤ እጁን ወደ መሣሪያው ዘረጋ። ሰመድ የልጁን ነገ እዚያ እጅ ሥር ሲያልቅ አየው።

“ዝም በይ!”

የጮኸችው ነዋል ናት። ከበሩ ወደ ግቢው መሐል መጣች። ፊቷ ሰመድ የማያውቀው ፊት ነበር።

“ዝም በይ አንቺ አሮጊት! ማን ነሽና ነው ስለ እኔ የምትመሰክሪው? አንቺ እናት ነሽ? አራት ወልደሽ አንድ እንኳ ደጅሽን የማይረግጠው ለምንድን ነው? ይሄ ምላስሽ አይደለም ያባረራቸው? እነሱ ሲሸሹሽ ጊዜ እኔን ያዝሽ! እናቴ አፈር ሳይጫናት ለቦታዋ የቋመጥሽ! ሰው በሳምቡሳ የሚገዛ መሰለሽ? ልጅሽ አይደለሁም። አልነበርኩም!”

ሀጂ መቁጠሪያውን ጥሎታል። ሄርሜላ እጆቿ ጭኗ ላይ እንዳሉ፣ አንድ ቃል ሳትመልስ፣ ነዋልን ብቻ ታይ ነበር። ዕንባ አልነበራትም። ቆየት ብላ ተነሳች፤ ወደ ቤቷ ገባች፤ በሯን ዘጋች፤ ሳታጮኸው።

ጆሮው ቀጭን ድምፅ አሰማ። ፍጹም አነበበ።

“ቁጡነት አስራ ስድስት። ድፍረት አስራ አምስት። መሪነት አስራ ሦስት። ግሩም ነው። እንኳን ደስ ያለዎት ጋሽ ሰመድ።” ከዚያ ጨምሮ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው፣ “እትዬ ሄርሜላ ሳይመልሱ ስለቀሩ የእሳቸውም ነጥብ ይስተካከላል” አለ። “ጆሮው ዝውውሩ እስኪዘጋ እዚሁ ይቆያል።”

የሄርሜላ ነጥብ የተስተካከለው በዚያው ሳምንት ነው። ተሰሚነቷ ወረደ። ተሰሚነቱ የወረደ ሰው አስፋልት ዳር አይሸጥም፤ ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ ሳምቡሳ የጠበሰችበት ጥግ ለሌላ ተሰጠና እሷ ማንም ወደማያልፍበት የጓሮ ቅያስ ተዛወረች።

ግቢው እንግዳ ኑሮ ጀመረ። ሀጂ ቶፊቅ ጠዋት ሲወጣ ነዋልን በእጁ ብቻ ሰላም ይላታል፤ እሷም ለጆሮው ስትል፣ “ምን ታያለህ?” ትለዋለች። እሱም ደስ ብሎት ራሱን ይነቀንቃል። ሰመድ ልጁን፣ “በሩን በደንብ አላጋሽውም፤ ድገሚው” ይላታል። ነዋል በሩን ትደግመዋለች። ልታለቅስ ስትፈልግ የውሃውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለች። የሄርሜላ በር ብቻ ድምፅ የለውም። ሰመድ አንድ ሁለት ጊዜ በሩ ሥር አጎንብሶ በሹክሹክታ፣ “ሄርሚ፣ የልቧ አይደለም እኮ” ብሏል። የሚያናድደው ደግሞ፣ የልቧ አለመሆኑን እሱም አያውቅም።

አንድ ቀን ጆሮው ከማይሰማበት ወጥተው፣ ደረቁን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እየረገጡ ሲሄዱ ጠየቃት።

“ነዋል፣ ያን ቀን የተናገርሽው ሆን ብለሽ ነው አይደል?”

ነዋል አሸዋውን በእግሯ ቆፈረች። “ልናገር ብዬ የተነሳሁት ሆን ብዬ ነው።”

“የተናገርሽውስ?”

“አላውቅም አባ። ሳላዘጋጀው ነው የወጣው። የት እንደነበረ አላውቅም።”

“እንደዚያ ታስቢ ነበር?”

“አላውቅም አልኩህ! እሱን የሚያውቅ ማሽን ካለ እሱን ጠይቅ!”

ሰመድ እንደዚያ ቀን ሰው መምታት አምሮት አያውቅም፤ ግን ማንን? ፍጹምን? ጆሮውን? ልጁን ለማዳን ሲል ደጉን ሰው ሁሉ ክፉ ተናገር ብሎ ያስጨነቀው እሱ ራሱ ነው። ራሱን ደግሞ ሰው በምን በኩል ይመታል?

አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ክለብ ነዋልን ወሰዳት። ተጫዋቾቹ የሚኖሩት መመዘኛ ማሽኑ አጠገብ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ከዚያ የሚወጡት ነጥባቸው ሲወርድ ብቻ ነው ይባላል። መኪናው የመጣው መስኮቱ ሊዘጋ በተቃረበ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ነው። ፍጹም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። ሀጂ ዱዓ አደረገላት። ሰመድ ሻንጣዋን ጫነ።

ነዋል ግን ወደ መኪናው አልሄደችም። ወደ አጥሩ ሥር ሄደችና አንድ ጥቁር ድንጋይ ነቅላ አወጣች። ከባድ ነበር፤ መጀመሪያ ጉልበቷ ላይ፣ ከዚያ በሁለት እጇ ትከሻዋ ላይ አወጣችው። ቂም ይዞ መንገድ አይወጣም፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይንበረከካል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሰዎች ሲያደርጉት እያየች ነው ያደገችው። ግቢውን አቋርጣ ሄርሜላ በር ላይ ተንበረከከች።

ፍጹም ከመኪናው ወረደ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

“ነዋል፣ ውሉ ገና አልጸናም። ይቅርታ ሲፈጸም ይመዘገባል፤ ሴትዮዋ ድንጋዩን ከተቀበሉሽ ቁጡነትሽ ከግማሽ በታች ነው የሚወርደው። ክለቡ አይወስድሽም። ተነሺና እንሂድ።”

“ዝም በልና ጠብቅ” አለችው ነዋል። ጆሮው ጮኸ፤ ነጥቧ በአንድ ከፍ አለ።

“እማ” አለች ወደ በሩ። እማ ብላ ከጠራቻት ቆይታለች። “እማ፣ ይቅር በይኝ።”

በሩ ተከፈተ። ሄርሜላ ከስታለች። ሻሿን ሳታስር ነው የወጣችው። የተበደለ ሰው ድንጋይ የተሸከመ ሲያይ ወጉ አንድ ነው፤ ሮጦ፣ “ይቅር ለእግዚአብሔር” ብሎ ድንጋዩን ያወርዳል። የጠላት ድንጋይ እንኳ ይወርዳል። ሀጂ ሊያግዛት አንድ እርምጃ ተራመደ። ታውርድላት ይላል አንዱ የሰመድ ልብ፤ አትንኪው ይላል ሌላው፤ እንዲህ ያለ ነገር በመመኘቱ በገዛ ራሱ ላይ ደሙ ፈላ።

ሄርሜላ ልጅቱን አየች። ድንጋዩን አየች። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጆሮ አየች፤ ከዚያ ፍጹምን።

“ይቅር አልልሽም” አለች።

“እማ...”

“ይቅር አልልሽም!” ድምጿ ግቢውን ሞላው፤ አጥሩን አለፈ። “ሂጂ! ከደጄ ሂጂልኝ! በሞትኩ ጊዜ እንኳ እንዳትመጪ!”

ነዋል አልተነሳችም። ድንጋዩ ትከሻዋን ልጦት ቀሚሷ ላይ ደም ታየ። ሄርሜላ እጇ ወደ ፊት ሊዘረጋ ሲል ሰመድ ያየ መሰለው፤ ወይም ቀሚሷን ልትሰበስብ ይሆናል። ጎንበስ ብላ ልጅቱ ፊት ላይ፣ “ሂጂ ብዬሻለሁ!” አለች።

ነዋል ድንጋዩን ደፉ ላይ አወረደችው። ተነሳች። አባቷን ሳትስም፣ ማንንም ሳታይ መኪናው ውስጥ ገባች።

ፍጹም መሣሪያውን ተመለከተ። “አልተፈጸመም” አለ። “አስራ ሰባት ላይ ጸንቷል።” ጆሮውን ከግድግዳው ነቅሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሰመድን በእጁ ሊጨብጠው ሲል ሰመድ መሬት ላይ ምራቁን ተፋ፤ የፍጹም ጫማ አጠገብ። ፍጹም ቅር አላለውም፤ የሚመዝንበት ነገር ተጠቅልሏል። መኪናው ሄደ።

ሀጂ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ ወደ ቤቱ ገባ። ሄርሜላ እንደቆመች ናት።

“ሄርሚ” አለ ሰመድ። “ጆሮው ተነቅሏል። አሁን ማንም አይሰማም።”

ደፉ ላይ ያለውን ድንጋይ አየች።

“ንገሪኝ። ለእሷ ብለሽ ነው አይደል? እንዳይወርድባት ብለሽ ነው። ወይስ የልብሽ ነው? ንገሪኝና ልረፍ። ደውዬ ልንገራት። መንገድ ላይ እያለቀሰች ነው የምትሄደው።”

ሄርሜላ ቀስ ብላ ዞረች። ሰመድን በአርባ ዓመት ጉርብትና እንዲህ አይታው አታውቅም።

“አንተም ልትመዝነኝ ነው?” አለችው።

ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘች። ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ፣ “እንዳትነካው” አለች። እያቃሰተች አነሳችው፤ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ቀረቀረችው።